በተበየዱ የብረት ቧንቧዎች መጋጠሚያ ላይ ውጥረት እንዴት እንደሚከማችና እንዴት እንደሚገመት

መግቢያ

የብረት ቧንቧ ለአዳራሽ ጣሪያ፥ ለድልድይ፥ ለረጃጅም ምሰሶና ለባሕር ላይ መድረክ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ክብደቱ ቀላል ሲሆን በማናቸውም አቅጣጫ ቢጫኑት ብርታቱ እኩል ነው፤ ነፋስና ማዕበልም ክብ ገላውን ሲመቱ ማዕዘን ያለውን ብረት የሚገፉትን ያኽል አይገፉትም። ነገር ግን ቧንቧ ብቻውን ሆኖ ሥራ አይሠራም፤ ከሌላ ቧንቧ ጋር መጋጠም አለበት። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። አንደኛ፥ በመጋጠሚያው ላይ ውጥረት ለምን እንደሚከማች፤ ሁለተኛ፥ ይህ ክምችት ሥራው ከመሠራቱ በፊት በምን ዐይነት መንገድ እንደሚገመት፤ ሦስተኛ፥ በግምቱ ላይ የሚደረግ ጥቂት ስሕተት ለምን ብዙ ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው። ለሦስተኛው ማስረጃ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ባሕር ላይ የደረሰው አደጋ ነው።

1. አማካይ ውጥረትና ትክክለኛው ውጥረት

አንድ ቧንቧ በሁለት ጫፎቹ ተይዞ ቢሳብ፥ የሚስበው ኀይል በቧንቧው የብረት ስፋት ላይ ይከፋፈላል። ኀይሉን ለስፋቱ ስናካፍለው የምናገኘው ቁጥር አማካይ ውጥረት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ውጥረትን ሁሉ የምንለካው በኒውተን ለካሬ ሚሊሜትር ነው። ለምሳሌ የውጭ ዲያሜትሩ 200 ሚሊሜትር፥ የግድግዳው ውፍረት 10 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ 5,969 ካሬ ሚሊሜትር ያኽል የብረት ስፋት አለው። ይህ ቧንቧ በ90,000 ኒውተን ቢሳብ፥ ይኸውም ከ9 ቶን ጥቂት የሚበልጥ ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ማለት ነው፥ አማካይ ውጥረቱ 15 ገደማ ይሆናል። ተራው የሕንፃ ብረት ተለጥጦ ወደ ቀድሞ መልኩ የማይመለሰው ውጥረቱ 235 ሲደርስ ነው፤ ጠንከር ያለውም ዐይነት እስከ 355 ይችላል። እንግዲህ አማካዩን ብቻ የተመለከተ ሰው ከ15 እጥፍ የሚበልጥ ብርታት አለኝ ብሎ ያለ ሥጋት ይቀመጣል።

ነገር ግን አማካይ ውጥረት እውነት የሚሆነው የብረቱ ቅርጽ ሳይለወጥ በሚቀጥልበት ቦታ ብቻ ነው። ቀዳዳ፥ ማዕዘን ወይም መጋጠሚያ በሚገኝበት ቦታ ኀይሉ መንገዱን ስለሚለውጥ በአንድ ወገን ይሳሳል፥ በሌላው ወገን ይታጨቃል። ኪርሽ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ በአንድ አቅጣጫ በሚሳብ ሰፊ ሳንቃ ብረት ላይ ክብ ቀዳዳ ቢበሳ፥ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት የአማካዩን 3 እጥፍ ይሆናል። የሚያስደንቀውም ነገር ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ትልቅ ቢሆንም፥ ሳንቃው ሰፊ እስከ ሆነ ድረስ ቁጥሩ አለመለወጡ ነው።

እንግሊዛዊው ኢንግሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ቀዳዳው እንደ ዕንቁላል የተራዘመ ቢሆን የሚሆነውን ቀመረ። ከስበቱ አቅጣጫ ተሻግሮ የሚተኛው ርዝመቱ ለወርዱ ተካፍሎ፥ የተገኘው ቁጥር በ2 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የክምችቱን ልክ ይሰጣል። ርዝመቱ የወርዱን 10 እጥፍ የሆነ ቀዳዳ እንግዲህ ውጥረቱን 21 ጊዜ ያበዛዋል። ስንጥቅ ማለትም ወርዱ እጅግ የጠበበ ቀዳዳ ማለት ስለ ሆነ፥ ትንሽ ስንጥቅ ለምን አስፈሪ እንደ ሆነች ከዚህ እንረዳለን።

በመጋጠሚያው ላይ ያለው ከፍተኛ ውጥረት ለቅርንጫፉ ቧንቧ አማካይ ውጥረት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ከዚህ በኋላ «የክምችት ቁጥር» እንለዋለን።

2. የቧንቧ መጋጠሚያ ጠባይ

ነገሩን ለማቅለል አንድ ዋና ቧንቧ አግድም ተኝቶ፥ በላዩ አንድ ቅርንጫፍ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ተበይዶ እናስብ። ብየዳው በዋናው ቧንቧ ክብ ጀርባ ላይ ዙሪያውን ሲዞር የሚይዘው ቅርጽ ልክ እንደ ፈረስ ኮርቻ ነው፤ ወደ ሁለቱ ጎኖች ዝቅ ይላል፥ በፊትና በኋላ ከፍ ይላል። ስለዚህ መሐንዲሶች በጎን በኩል ያሉትን ሁለት ዝቅተኛ ቦታዎች የኮርቻ ነጥቦች፥ በዋናው ቧንቧ ርዝመት አቅጣጫ ያሉትን ሁለት ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ የዘውድ ነጥቦች ይሏቸዋል።

ቅርንጫፉ ወደ ላይ ሲሳብ ኀይሉ በዙሪያው እኩል ተከፋፍሎ ወደ ዋናው ቧንቧ የሚገባ ይመስለናል፤ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ ሁለቱ ረግረግ ላይ፥ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ቢቆሙ፥ ረግረግ ላይ ያሉት ዝቅ ስለሚሉ ሸክሙ የሚያርፈው በድንጋይ ላይ በቆሙት ትከሻ ነው። በመጋጠሚያውም እንዲሁ ነው። በዘውድ ነጥቦች ላይ የዋናው ቧንቧ ግድግዳ በቀላሉ ስለሚለመጥ ሸክሙን ያመልጣል፤ በኮርቻ ነጥቦች ላይ ግን ግድግዳው ወደ ጎን ወርዶ እንደ ቅስት ስለሚቆም ሸክሙን ይቀበላል። በዚህ ላይ የዋናው ቧንቧ ክብነት ተበላሽቶ እንደ ዕንቁላል ሲሞላለል፥ ግድግዳው በመታጠፉ ምክንያት ሌላ ውጥረት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከፍተኛው ውጥረት በብየዳው ጠርዝ ላይ፥ ይኸውም የብየዳው ብረት ከቧንቧው ገላ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ይገኛል። ከፍተኛ የሆነበትንም ቦታ መሐንዲሶች «ትኩስ ነጥብ» ይሉታል፤ ሙቀት ስላለው ሳይሆን ስንጥቅ የሚጀምርበት ስፍራ በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በብየዳው ጠርዝ ላይ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ይገኛሉ፤ አንደኛው አማካዩ ውጥረት፥ ሁለተኛው ከቧንቧዎቹ ቅርጽ የሚመጣው ጭማሪ፥ ሦስተኛው ከብየዳው ከራሱ ቅርጽ፥ ማለት ከጉብታውና ከጭረቱ የሚመጣው ጭማሪ ነው። ሦስተኛው ከበያጅ እስከ በያጅ፥ እንዲያውም በአንዱ ብየዳ ውስጥ ከጣት እስከ ጣት ስለሚለያይ አስቀድሞ ለማስላት አይቻልም። ስለዚህ የትኩስ ነጥብ ውጥረት የሚባለው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛው አልተረሳም፤ የብየዳን ዕድሜ የሚያሳዩት ሰንጠረዦች የተዘጋጁት በእውነት ከተበየዱ ናሙናዎች ስለ ሆነ በእነርሱ ውስጥ ተቈጥሮ ገብቷል።

3. በቀመር መገመት

ብዙ መጋጠሚያዎች በሞዴልና በኮምፒውተር ከተመረመሩ በኋላ፥ የክምችቱን ቁጥር የሚወስኑት ጥቂት ንጽጽሮች መሆናቸው ታወቀ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤

ቤታ፤ የቅርንጫፉ ዲያሜትር ለዋናው ቧንቧ ዲያሜትር ተካፍሎ የሚገኝ ነው።
ጋማ፤ የዋናው ቧንቧ ዲያሜትር ለግድግዳው ውፍረት እጥፍ ተካፍሎ የሚገኝ ነው፤ ግድግዳው ምን ያኽል ስስ እንደ ሆነ ያሳያል።
ታው፤ የቅርንጫፉ ግድግዳ ውፍረት ለዋናው ግድግዳ ውፍረት ተካፍሎ የሚገኝ ነው።

ከእነዚህም በቀር ሁለቱ ቧንቧዎች የሚገናኙበት ማዕዘንና የዋናው ቧንቧ ርዝመት ይገባሉ። ኩዋንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም.፥ ኤፍቲሚዩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ቀመሮችን አውጥተዋል። የኤፍቲሚዩ ቀመር፥ ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ በርዝመቱ ሲሳብ፥ በዋናው ቧንቧ የኮርቻ ነጥብ ላይ የሚሆነውን እንዲህ ይሰጣል፤

የክምችት ቁጥር = ጋማ × (ታው በ1.1 አርቢ) × [1.11 − 3 × (ቤታ − 0.52) ካሬ]

ይህን ከላይ በተጠቀሰው ቅርንጫፍ እንሞክረው። ዋናው ቧንቧ ዲያሜትሩ 400፥ የግድግዳው ውፍረት 20 ሚሊሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር ይሁን። ቤታ 0.5፥ ጋማ 10፥ ታው 0.5 ይሆናሉ። ታው በ1.1 አርቢ 0.467 ነው፤ በቅንፍ ያለው ደግሞ 1.109 ነው። ሦስቱ ሲባዙ 5.2 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ አማካዩ ውጥረት 15 ሲሆን በኮርቻው ነጥብ ላይ 78 ይደርሳል። ለዘውድ ነጥብ የተሰጠው ሌላው ቀመር ለዚሁ መጋጠሚያ 2.7 ያኽል ይሰጣል፤ ከላይ በቃሬዛው ምሳሌ የተባለውን ቁጥሩም ያጸናዋል።

አሁን ገንዘብ ለመቈጠብ የፈለገ ሰው የዋናውን ቧንቧ ግድግዳ ከ20 ወደ 10 ሚሊሜትር ዝቅ አደረገው እንበል። ቅርንጫፉም ሸክሙም አልተለወጡም፤ አማካዩም ውጥረት ያው 15 ነው። ነገር ግን ጋማ 20፥ ታው 1 ስለሚሆኑ የክምችት ቁጥሩ ወደ 22.2 ይወጣል፤ የትኩስ ነጥቡ ውጥረት 333 ይሆናል። ግድግዳው በግማሽ ሲቀጥን ውጥረቱ ከ4 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ለውጥ ፈጽሞ አያየውም።

ቀመሩን የሚጠቀም ሁሉ ወሰኑን መጠበቅ አለበት። ይህ ቀመር የሚሠራው ቤታ ከ0.2 እስከ 1፥ ጋማ ከ8 እስከ 32፥ ታው ከ0.2 እስከ 1 ሲሆኑ ነው። ደግሞም ቅርንጫፉ ከመሳብ በቀር በዋናው ቧንቧ ርዝመት አቅጣጫ ወይም ወደ ጎን የሚታጠፍ እንደ ሆነ፥ ለእያንዳንዱ ሸክም የተለየ ቀመር አለ። ውጤቶቹ የሚደመሩት በዙሪያው ባሉ ስምንት ነጥቦች ላይ እየተለዩ ነው፤ ምክንያቱም የአንዱ ሸክም ትኩስ ነጥብ የሌላው ትኩስ ነጥብ አይደለም።

4. በመለካትና በኮምፒውተር መገመት

ቀመር ለሌለው መጋጠሚያ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መለካት ነው። በብረቱ ላይ ስስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት የመለጠጥ መለኪያ ይለጠፋል፤ ብረቱ ሲለጠጥ ሽቦውም አብሮ ስለሚለጠጥ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኀይሉ ይለወጣል። ከዚያ የተነበበው መለጠጥ በ210,000 ሲባዛ የውጥረቱን ግምት ይሰጣል፤ በሌላው አቅጣጫ ያለውን መለጠጥ ለጊዜው ትተነዋል።

መለኪያው ግን በብየዳው ጠርዝ ላይ አይለጠፍም፤ በዚያ ሦስተኛው ጭማሪ ስለሚቀላቀልበት ንባቡ የዚያ ጭረት ንባብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከጠርዙ ጥቂት ራቅ ብለው ባሉ ሁለት ነጥቦች ላይ ይለካና፥ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ቀጥታ መስመር እስከ ጠርዙ ድረስ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ነጥብ ርቀት የቅርንጫፉ ግማሽ ዲያሜትር በግድግዳው ውፍረት ተባዝቶ፥ ካሬ ሥሩ ተወስዶ፥ በ0.2 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ከ4 ሚሊሜትርም ማነስ የለበትም። በእኛ ምሳሌ 6.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ነጥብ በዋናው ቧንቧ ኮርቻ ላይ ሲሆን የክቡን 5 ዲግሪ ያኽል ይርቃል፤ ይኸውም 17.5 ሚሊሜትር ነው። ለማስረጃ ያኽል በመጀመሪያው ነጥብ 68፥ በሁለተኛው 50 ተነበበ እንበል። ውጥረቱ በ11.2 ሚሊሜትር ውስጥ 18 ስለ ጨመረ፥ በቀሩት 6.3 ሚሊሜትር ውስጥ 10 ይጨምራል፤ በጠርዙም ላይ 78 ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ መጋጠሚያውን በኮምፒውተር በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ ማስላት ነው። ይህ መንገድ እጅግ የሚረዳ ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለበት። በስለታም ማዕዘን ላይ ቁራጮቹ ይበልጥ ባነሱ ቍጥር የሚወጣው ውጥረት ያለ ወሰን ያድጋል። ስለዚህ ከማዕዘኑ ላይ ትልቁን ቁጥር አንሥቶ «ይህ ነው» ማለት ከንቱ ነው፤ በኮምፒውተሩም ውጤት ቢሆን ንባቡ ከተወሰኑት ሁለት ነጥቦች ተወስዶ እስከ ጠርዙ መሳብ አለበት።

5. የግምት ስሕተት ዋጋ

ሸክሙ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያኽል ባላሳሰበ ነበር። ደኅና ብረት በአንድ ነጥብ ላይ ከልኩ በላይ ሲወጠር በዚያ ቦታ ጥቂት ይለጠጥና ሸክሙን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ሸክሙ ሲመላለስ ግን ሌላ ጠባይ ይመጣል፤ ይኸውም የብረት ድካም የሚባለው ነው። ጀርመናዊው ቮለር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ዓመታት የባቡር መንኰራኵር ዘንጎችን ሲመረምር፥ አንድ ጊዜ ቢጫን ምንም የማይሆን ብረት ያው ሸክም ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰበር አሳየ።

በተበየደ ብረት ላይ ዕድሜው የሚቀንሰው በውጥረቱ ምልልስ ልክ ሳይሆን በሦስተኛ አርቢው ነው። ውጥረቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። በግምት ላይ 20 በመቶ የሳተ ሰው፥ 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.73 ስለ ሆነ፥ 100 ዓመት ይቆያል ያለው 58 ዓመት ብቻ ይቆያል። ከላይ ግድግዳው የቀጠነበት መጋጠሚያ ደግሞ ውጥረቱ 4.3 ጊዜ ስላደገ ዕድሜው ወደ ሰማንያኛ ገደማ ይወርዳል። በባሕር ላይ በየ8 ሴኮንዱ አንድ ማዕበል ቢመታ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ምልልስ እንደሚሆን ስናስብ፥ ይህ ልዩነት የወረቀት ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል።

6. የአሌክሳንደር ኬላንድ መድረክ

አሌክሳንደር ኬላንድ የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ በፈረንሳይ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፥ በአምስት ዐምዶች ላይ የቆመ ነበር። በኖርዌይ የባሕር ክልል፥ ኤኮፊስክ በተባለው የነዳጅ ዘይት ስፍራ ለሠራተኞች ማደሪያነት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1980 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም.) ምሽት ላይ፥ ነፋስና ማዕበል በበረታበት ሰዓት፥ ከዐምዶቹ አንዱ ተገንጥሎ ሄደ። መድረኩ ወዲያው ከ30 ዲግሪ በላይ አዘነበለ፤ ከ20 ደቂቃ ያኽል በኋላም ተገለበጠ። በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ።

የኖርዌይ መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የአደጋውን መነሻ ገለጸ። የተገነጠለው ዐምድ በስድስት ማያያዣ ቧንቧዎች የተያዘ ነበር። ከእነዚህ በአንዱ፥ ዲያሜትሩ 2.6 ሜትር፥ የግድግዳው ውፍረት 26 ሚሊሜትር በሆነው ላይ፥ ክብ ቀዳዳ ተበስቶ አንድ ትንሽ ቧንቧ ገብቶ ተበይዶ ነበር። የትንሹ ቧንቧ ዲያሜትር 325 ሚሊሜትር ሲሆን፥ ሥራው በውኃ ውስጥ ድምፅ የሚሰማውን መሣሪያ፥ ሃይድሮፎንን መያዝ ብቻ ነበር። ሸክም የሚችል አካል ተብሎ ስላልታሰበ ብየዳው 6 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ፤ የብየዳውም ጥራት ደካማ ነበር። በስብራቱ ፊት ላይ ቀለም ተገኘ፤ ይህም ስንጥቁ መድረኩ ቀለም ሳይቀባ፥ ከፋብሪካው ሳይወጣ በፊት የነበረ መሆኑን ያስረዳል።

ይህን ከላይ ከተማርነው ጋር እናገናዝበው። ብየዳው ደኅና ሆኖ ቢይዝ ኖሮ የትንሹ ቧንቧ ግድግዳ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ቀለበት ሆኖ ከኀይሉ ከፊሉን ይሸከም ነበር፤ የክምችቱም ቁጥር ዝቅ ይል ነበር። ብየዳው ሲለቅ ግን የቀረው የኪርሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ወደ 3 ይወጣል። ቁጥሩ ከ2 ወደ 3 ከፍ ቢል እንኳ ዕድሜው ከ3 እጅ በላይ ያጥራል። ከቀዳዳው የተነሣው ስንጥቅ በየማዕበሉ ጥቂት በጥቂት እየተራመደ የማያያዣውን ዙሪያ በላው። እርሱ ሲበጠስ የቀሩት አምስቱ ሸክሙን ሊችሉት ስላልቻሉ ተከታትለው ተሰበሩ።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ የመጋጠሚያን ዕድሜ የሚወስነው የቧንቧው አማካይ ውጥረት ሳይሆን የትኩስ ነጥቡ ውጥረት መሆኑን ነው። ስለዚህ ንድፍ የሚያወጣ ሰው የሚከተሉትን ቢጠብቅ መልካም ነው።

አንደኛ፥ ብረት መጨመር ካስፈለገ በመጀመሪያ በመጋጠሚያው አጠገብ ባለው የዋናው ቧንቧ ግድግዳ ላይ ይጨመር፤ ጥቂት ወፍራም ቁራጭ ቧንቧ በዚያ ብቻ ማስገባት ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ቀመር ሲወሰድ ወሰኑና የሸክሙ ዐይነት አብረው ይወሰዱ።

ሦስተኛ፥ የብየዳው ጠርዝ በሞረድ ለስልሶ ስለቱ እንዲጠፋ ቢደረግ ሦስተኛው ጭማሪ ይቀንሳል። ብየዳውም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይመርመር፤ ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም።

አራተኛ፥ ለመሰላል፥ ለሽቦ መያዣ ወይም ለሌላ ትንሽ ነገር ተብሎ በዋናው አካል ላይ የሚበየድ ሁሉ እንደ ዋናው መጋጠሚያ ይቈጠር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የባሕር መድረክ ለሌለን ለእኛም የሚነገር ነው። ከብረት ቧንቧ ተበይዶ የሚሠራ የአዳራሽ ጣሪያ ሸክሙ ብዙ ስለማይመላለስ የብረት ድካም ያን ያኽል አያሠጋውም። ነገር ግን ዕቃ የሚያመላልስ ክሬን የሚሄድበት ተሸካሚ፥ ነፋስ ሌሊትና ቀን የሚያወዛውዘው ምሰሶ፥ በኰረኰንች መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ የጭነት መኪና ሻንሲ ሁሉ ዕድሜያቸው በምልልስ የሚቈጠር ነው። በሻንሲ ላይ አንዲት መያዣ በየዳ የሚያስጨምር ሰው፥ ያች መያዣ ምንም ሸክም እንደማትይዝ በማሰብ ነገሩን ቀላል ያደርገዋል። መያዣዋ ሸክም አትያዝ እንጂ፥ የተበየደችበት ብረት ይይዛል፤ ኀይሉም በብየዳዋ ጠርዝ በኩል ሲያልፍ መታጨቁ አይቀርም።